ሥራ ለሚበዛባቸው አዋቂዎች ፒያኖ መማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሥራና ከቤት ኃላፊነት በሚተርፍ ሰዓት ፒያኖ የሚማሩ ወይም ለመጀመር የሚያስቡ አዋቂዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ።

ዕድሜዬ 40 ደርሷል፤ ፒያኖ ለመጀመር አልረፈደብኝም?

አልረፈደብዎትም። በልጅነቱ የጀመረ ሰው የሚበልጥበት ነገር መኖሩ አይካድም፤ በታላላቅ መድረኮች ኮንሰርት የሚያቀርቡ ፒያኖ ተጫዋቾች ከሞላ ጎደል ሁሉም ገና በልጅነታቸው የጀመሩ ናቸው። ነገር ግን ይህን የሚጠይቅ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ የሚመኘው መድረክ ሳይሆን የሚወደውን ዜማ በራሱ እጅ መጫወት ነው፤ ለዚህ ደግሞ የዕድሜ ገደብ የለውም። እኔ የመጀመሪያውን ስኬል (ድምፆች በቅደም ተከተል የሚወጡበትና የሚወርዱበት ልምምድ ነው) የተጫወትኩት 37 ዓመት ሞልቶኝ ነው።

አዋቂ ከልጅ የሚሻልበትም አለ። ለምን እንደሚለማመድ ያውቃል፣ ሲያብራሩለት ወዲያው ይገባዋል፣ ለብዙ ዓመታት ሙዚቃ ሲያዳምጥ ስለኖረም አንድ የዜማ ሐረግ የት ላይ እንደሚያርፍ ጆሮው ቀድሞ ይነግረዋል። ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። የልጅ ጆሮና እጅ አብረው ያድጋሉ፤ አዋቂ ግን ያደገ ጆሮና ገና ዳዴ የሚል እጅ ይዞ ነው ፒያኖ ፊት የሚቀመጠው። ጆሮው የሚፈልገውን እጁ ማድረስ ሲያቅተው «ተሰጥዖ የለኝም» ብሎ ይደመድማል። ከዚህ በታች የሚነሡት ችግሮች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው ከዚህ ክፍተት ጋር ይገናኛሉ።

የግድ ትክክለኛ ፒያኖ ያስፈልገኛል ወይስ ኪቦርድ ይበቃኛል?

ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ይበቃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚማሯቸው ዜማዎች ከመካከለኛው የቁልፎቹ ክፍል ብዙም አይርቁም። ከብዛቱ ይልቅ መታየት ያለበት ቁልፉ ለጣት የሚሰጠው ምላሽ ነው። ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ከ1700 ገደማ ጀምሮ በፍሎረንስ የሠራው መሣሪያ ከቀደሙት የተለየው መዶሻው ክሩን የሚመታበት ኃይል በጣቱ አነካክ ስለሚወሰን ነበር፤ ፒያኖ የሚለው ስም ያጠረውም «ለስላሳና ብርቱ» የሚል ትርጉም ካለው የጣልያንኛ ስያሜ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለው ቢነኩትም ቢመቱትም ያው ድምፅ የሚያወጣ ኪቦርድ የፒያኖን ዋና ነገር አያስተምርም።

ሥራ ለሚበዛበት ሰው እኔ የምመርጠው 88 ክብደት ያላቸው (እንደ ባለክር ፒያኖ ቁልፍ ለጣት የሚከብዱ) ቁልፎች ያሉት ዲጂታል ፒያኖ ነው። መቃኘት አያስፈልገውም፣ በጆሮ ማዳመጫ ስለሚሠራም ቤተሰብ ከተኛ በኋላ መጫወት ይቻላል። አሮጌ ባለክር ፒያኖ በርካሽ ወይም በነፃ የተገኘ እንደሆነ ከመውሰድዎ በፊት ፒያኖ የሚቃኝ ባለሙያ ቢያየው ይሻላል፤ ክሮቹን የሚይዙት ችንካሮች የላሉበት ፒያኖ ዛሬ ቢቃኝ በቅርቡ ተመልሶ ይበላሻል።

በቀን ስንት ሰዓት መለማመድ አለብኝ?

ለጀማሪ አዋቂ በሳምንት አምስት ወይም ስድስት ቀን ሃያ ሃያ ደቂቃ መለማመድ ቅዳሜን ጠብቆ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከመቀመጥ እጅግ ይበልጣል። የእጅ ሙያ የሚደላደለው በልምምዱ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ከልምምዱ በኋላ ባለው ዕረፍትና በተለይም በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ማታ አልሆን ብሎ ያስቸገረ ቦታ ጠዋት ላይ ሳይታሰብ ሲሳካ ያየ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚለማመድ ሰው እንዲህ ያለውን ሌሊት የሚያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ሰዓቱን በሰዓት ቁጥር ከመወሰን ይልቅ ሁልጊዜ ከሚሠሩት ነገር ጋር ማያያዝ ይቀላል፤ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ወይም ጠዋት ልብስ ለብሰው ከቤት ከመውጣትዎ በፊት እንደማለት ነው። መሣሪያውም ዝግጁ ሆኖ ይቆይ። ጨርቅ ማንሣት፣ ገመድ መሰካት፣ የኖታ መጽሐፍ መፈለግ እያንዳንዳቸው ትንሽ ቢሆኑም ለደከመ ሰው ሦስቱ አንድ ላይ «ነገ ይሁን» ለማለት ይበቃሉ።

ያለኝ ሃያ ደቂቃ ብቻ ከሆነ ምን ልሥራበት?

አብዛኛው ጀማሪ ጊዜውን የሚያባክነው ሳያውቀው ነው። ከመጀመሪያው ሜዠር (በኖታው ላይ በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለው ክፍል ማለት ነው) ይነሣል፣ ስምንት ሜዠር በደህና ይጓዛል፣ ዘጠነኛው ላይ ይሰናከላል፣ ከዚያም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። በዚህ ዓይነት ወር ሲሞላው የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሜዠሮች እንደ ውኃ ይፈስሳሉ፣ ዘጠነኛው ግን ባለበት አለ፤ እንዲያውም ጣቶቹ እዚያ ቦታ ላይ መሰናከልን ራሱን ተለማምደውታል።

ስለዚህ ልምምዱን ከዘጠነኛው ሜዠር ይጀምሩ። ችግሩ ከየትኛው ጣት ወደ የትኛው ሲያልፉ እንደሚፈጠር ይፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ድምፆች ብቻ ሆነው ይገኛሉ። ለምሳሌ በዶ ማጆር ስኬል (ከዶ ተነሥቶ በነጭ ቁልፎች ብቻ የሚሄደው ነው) ላይ ቀኝ እጅ ዶን በአውራ ጣት፣ ሬን በሌባ ጣት፣ ሚን በመሃል ጣት ከነካ በኋላ አውራ ጣት በመሃል ጣት ሥር ሾልኮ ፋን ይነካል። ጀማሪ አውራ ጣቱን የሚያስታውሰው ሚ ከተነካ በኋላ ስለሆነ ክርኑ ወደ ውጭ ይወረወራል፣ ፋም ከሌሎቹ ድምፆች ተለይቶ ይጮኻል። እዚህ ላይ የሚለማመዱት ሙሉውን ስኬል አይደለም። ሬ ሲነካ አውራ ጣት ጉዞውን ይጀምር፣ ሚ ሲነካም ከፋ በላይ ደርሶ ይጠብቅ፤ ይህችን ብቻ አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብለው ሲሠሯት ክርኑ ይረጋል። ከዚያ ሶል ይጨመራል፣ ከዚያ ሜዠሩ በሙሉ፣ ከዚያም ከፊቱና ከኋላው ያሉት።

ፍጥነቱ የማይሳሳቱበት መሆን አለበት። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያለ ስሕተት ካለፉ ሜትሮኖሙን (ምቱን እኩል እየጠበቀ የሚያሰማውን መሣሪያ ወይም አፕ) በደቂቃ ከ60 ምት ወደ 64 ያሳድጉት፤ ከተሰናከሉ ወደ 60 ይመልሱት፣ የደረሱበትንም ቁጥር በእርሳስ በኖታው ጠርዝ ላይ ይጻፉ። የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ግን ምንም ነገር ሳያርሙ የሚያውቁትን ይጫወቱ። ልምምድ ብቻ ሆኖ ያለቀ ሃያ ደቂቃ ለማግስቱ አይጠራም።

ኖታ ማንበብ ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም። በሦስት ኮርዶች (ኮርድ አንድ ላይ የሚነኩ ድምፆች ስብስብ ነው)፣ ማለትም በዶ ማጆር፣ በፋ ማጆርና በሶል ማጆር ብቻ ብዙ ቀላል ዘፈኖችን ማጀብ ይቻላል፤ በጆሮ መጫወትም ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ሆኖም ጊዜ ለሌለው ሰው ኖታ ማንበብ ጊዜ የሚቆጥብ መሆኑን መናገር አለብኝ፤ የማያነብ ሰው እያንዳንዱን አዲስ ዘፈን ከዜሮ ሲጀምር፣ የሚያነብ ሰው ግን ትናንት የተማረውን ለዛሬው ይጠቀምበታል።

ፊደል የቆጠረ ሰው ኖታ አያቅተውም። ልጅ መጀመሪያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠርቶ ቆይቶ ቃሉን በአንድ እይታ እንደሚያነብ ሁሉ የኖታ አንባቢም ውሎ አድሮ የሚያየው ነጠላ ድምፆችን ሳይሆን ርቀታቸውንና ቅርጻቸውን ነው። ሦስት መነሻዎችን አጥብቀው ይያዙ፤ መካከለኛው ዶ፣ በኖታው መስመሮች መጀመሪያ ላይ ከሚጻፉት ሁለት ምልክቶች የላይኛው የሚከብበው ሶል (ከታች ሁለተኛው መስመር) እና የታችኛው ምልክት በሁለት ነጥቦቹ መካከል የሚይዘው ፋ (ከታች አራተኛው መስመር)። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ እየተቆጠረ ይገኛል። ከእያንዳንዱ ኖታ ሥር ስሙን መጻፍ ግን ይቅርብዎ፤ ዓይን የቀለለውን ስለሚመርጥ የሚያነበው ስሙን እንጂ ኖታውን አይሆንም።

አስተማሪ ያስፈልገኛል ወይስ ከቪዲዮና ከአፕ ብቻ መማር እችላለሁ?

አፕ የትኛውን ቁልፍ መቼ እንደነኩ ያውቃል። ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ መውጣቱን፣ አንጓዎ መድረቁን፣ ወይም ትክክለኛውን ድምፅ በማያዋጣ ጣት መንካትዎን ግን አያውቅም። በስክሪኑ ላይ የሚወርዱ ባለቀለም መስመሮችን የሚያሳዩት ቪዲዮዎች ደግሞ ሌላ ጉድለት አለባቸው፤ አንድን ዘፈን ለሦስት ወር በእነርሱ የተማረ ሰው ሁለተኛውን ለመጀመር የሚረዳው ነገር ሳያገኝ ይቀራል። የተማረው ሙዚቃ ሳይሆን የቁልፎች ተራ ነውና።

ለአዋቂ በየሳምንቱ መማር የግድ አይደለም፤ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ከአስተማሪ ጋር ተገናኝቶ በመካከሉ ራስን ችሎ መለማመድ ይበቃል። አስተማሪ ሲመርጡ አዋቂዎችን አስተምሮ የሚያውቅ መሆኑን ይጠይቁ፣ መጫወት የሚመኙትንም በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት። ሳይለማመዱ በሄዱበት ቀን ደግሞ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። «ዛሬ አልተዘጋጀሁም፣ አብረን እንለማመድ» ቢሉት ምናልባት ከሌሎቹ ትምህርቶች ሁሉ የሚጠቅመው ይኸኛው ይሆናል፤ እንዴት መለማመድ እንዳለብዎ በዓይንዎ ያያሉ።

ሁለቱን እጆቼን ለየብቻ እችላለሁ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሁሉም ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?

ይህ የሁሉም ጀማሪ ጥያቄ ነው። ቀኝ እጅን መቻልና ግራ እጅን መቻል ተደምረው ሁለቱን መቻል አይሆኑም፤ የሁለቱ ቅንጅት ራሱን የቻለ ሦስተኛ ትምህርት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሲያጋጥሙ ፍጥነቱ ለየብቻ ከተጫወቱበት በግማሽ ቢወርድ ወደ ኋላ ተመለስኩ ማለት አይደለም፤ አዲስ ነገር ጀመርኩ ማለት ነው።

ቅንጅቱን ከፒያኖው ርቀው ጠረጴዛ ላይ መለማመድ ይቻላል። ግራ እጅ አንድ ጊዜ ሲመታ ቀኝ እጅ ሁለት ጊዜ የሚመታበትን ቦታ «አብሮ፣ ቀኝ፣ አብሮ፣ ቀኝ» እያሉ ጠረጴዛውን ይምቱ። አእምሮ ሁለት እጅ መከተሉን ትቶ አንድ ተራ ብቻ ይከተላል። ያስቸግራል የሚባለው ቀኝ ሦስት ግራ ሁለት የሚመታበት ምት እንኳ በዚህ መንገድ ይፈታል፤ «አብሮ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ» ይባላል፣ ከ«አብሮ» በኋላ ትንሽ ቆም ተብሎ የሚቀጥሉት ሦስቱ ተጠጋግተው ይመጣሉ፣ ከመጨረሻው «ቀኝ» በኋላም እንዲሁ ቆም ይባላል። አፍ ማለት የቻለውን እጅ መሥራት አይከብደውም። እኔ ይህን የተማርኩት ቢሮ ውስጥ በስብሰባ ሰዓት ጉልበቴን እየመታሁ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው መሰልቸቴ መስሎት ይሆናል።

አዲስ ዘፈን ሲጀምሩ ደግሞ በግራ እጅ ይጀምሩ። ዜማው ብዙውን ጊዜ በቀኝ እጅ ስለሆነ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይሮጣል፣ ግራው ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲገናኙም የሚወድቀው እርሱ ነው።

ስኬልና የጣት ልምምድ የግድ መሥራት አለብኝ?

ጥቂት። ሃያ ደቂቃ ያለው ሰው ከአምስት ደቂቃ በላይ ሊሰጠው አይገባም። የሚማሩት ዘፈን በሶል ማጆር ከሆነ የሶል ማጆርን ስኬል ብቻ ይሥሩ፤ ጣትዎ ፋ ሻርፕን (ከፋ በስተቀኝ ያለውን ጥቁር ቁልፍ) ሳይታሰብ መንካት ይለምዳል፣ ያም ወዲያው በዘፈኑ ላይ ይታያል። 12ቱንም ስኬሎች በየቀኑ መውጣትና መውረድ ጊዜው ለተረፈው ነው።

ስለማመድ አንጓዬንና ክንዴን ያመኛል። የተለመደ ነው?

አይደለም፤ ወዲያው ያቁሙ። መጠነኛ ድካም ሌላ፣ ሕመም ሌላ ነው። ፒያኖ ሲጫወቱ ለመቻል የሚታገሉት ሕመም የለም። የሙዚቃ ደራሲው ሮበርት ሹማን በወጣትነቱ የቀኝ እጁን ጣት ጎድቶ ፒያኖ ተጫዋች የመሆን ሐሳቡን ለመተው ተገድዷል።

በመጀመሪያ የመቀመጫውን ከፍታ ይመልከቱ፤ ክርንዎ ከቁልፎቹ ጋር ከሞላ ጎደል ትክክል ሆኖ ክንድዎ ከወለሉ ጋር አግድም መሆን አለበት። የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ብዙውን ጊዜ ዝቅ ስለሚል አንጓን ወደ ላይ ያጥፋል። ቀጥሎ ትከሻዎን ይፈትሹ፤ አስቸጋሪ ቦታ ሲመጣ ሳይታወቅዎ ወደ ላይ ይወጣል። ሕመሙ ወይም የመደንዘዝ ስሜቱ ከቀናት ዕረፍት በኋላም ካልለቀቀ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ቤት ያለ ሰው እየሰማኝ መለማመድ ያሳፍረኛል።

ልምምድ ለሰሚ አሰልቺ መሆኑ እውነት ነው፤ ሁለት ሜዠር ሠላሳ ጊዜ ሲደጋገም ማንም አይወደውም። ዲጂታል ፒያኖ ካለዎት ማዳመጫ ያድርጉ። ከሌለዎት ቤተሰቡን ሰብስበው «በየማታው ሃያ ደቂቃ ስሕተት ትሰማላችሁ» ብለው አስቀድመው ይንገሯቸው። ይህ ካልተነገረ ሰው ሲሰማ ሳያስበው የሚያውቀውን ብቻ እየተጫወተ ከልምምድ ይሸሻል፤ ጉዳቱ ከማፈሩ ይልቅ ይኸኛው ነው።

ስጀምር የነበረኝ ጉጉት ከጥቂት ወራት በኋላ ቀዘቀዘ። እንዴት ልመልሰው?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕለት ዕለት አዲስ ነገር ይገኛል፤ ትናንት የማይቻል የነበረ ዛሬ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ለውጡ በወራት የሚለካ ይሆናል፣ በየቀኑ የሚለማመደው ሰው ራሱ አያየውም፤ ልጁን በየቀኑ የሚያይ ወላጅ ቁመቱ መጨመሩን እንደማያስተውል ማለት ነው። በዚህ ላይ ጆሮ በልምምዱ ይስላል። በመጀመሪያው ወር ያልሰሙትን የምት መዛነፍ በአምስተኛው ወር ይሰሙታል፣ ስለዚህ አጨዋወትዎ እየተሻሻለ ሳለ እየባሰ የሄደ ይመስልዎታል። አዋቂዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

መድኃኒቱ ማስረጃ ማስቀመጥ ነው። በየወሩ መጀመሪያ የሚማሩትን በስልክዎ ይቅዱ፣ ሳያዳምጡም ያስቀምጡት፣ ከሦስት ወር በኋላ ከአዲሱ ጋር ያስተያዩት። እኔ የመጀመሪያውን ቅጂዬን ከዓመት በኋላ ስሰማው ያስደነገጠኝ የስሕተቱ ብዛት አልነበረም፤ በየሁለት ሜዠሩ ቀጣዩን ኮርድ ፍለጋ የምቆመው መቆም ነበር። ስጫወት ያን ዝምታ ፈጽሞ አልሰማሁትም ነበር። በአዲሱ ቅጂ ላይ ዝምታው አልነበረም፣ መቼ እንደጠፋም አላውቅም።

ከዚህ ሌላ፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ዘፈን መያዝ እመክራለሁ፤ አንድ ጨርሰው የሚያውቁት፣ አንድ በመማር ላይ ያሉት፣ አንድ ደግሞ ገና የማይደርሱበት ግን እጅግ የሚወዱት። ሦስተኛውን በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሜዠር ቢነኩለት ይበቃል። ለምን እንደጀመሩ የሚያስታውስዎ እርሱ ነው። ደግሞም ለመቀመጥ ፍላጎት እስኪመጣ አይጠብቁ፤ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከተቀመጡ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። በጣም በደከሙበት ቀን የሚያውቁትን አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው ይነሡ።

ሥራ በዝቶብኝ ለሁለት ወር አቋረጥኩ። ከየት ልጀምር?

ካቆሙበት አይጀምሩ። የሚጠፋው የጣት እርግጠኝነት ነው፤ ኖታ የማንበብ ችሎታና የተረዱት ነገር ብዙም አይነካም፣ የጠፋውም ቢሆን መጀመሪያ ከፈጀው ጊዜ ባነሰ ይመለሳል። ሆኖም ጆሮዎ የድሮውን ስለሚያስታውስ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመርራሉ። ስለዚህ ከነበሩበት ሁለት ደረጃ ወርደው አንድ ቀላል ዘፈን ይምረጡ፣ ለአንድ ሳምንት አሥር ደቂቃ ብቻ ይጫወቱ።

ያመለጠውን ለማካካስ በቀን ሁለት ሰዓት መቀመጥ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። እጅ ያማል፣ መንፈስ ይሰላቻል፣ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ይቋረጣል። ያለፉት ሁለት ወራት ዕዳ አይደሉም።

ብቻዬን ደህና እጫወታለሁ፤ ሰው ፊት ስቀመጥ ግን እጄ ይጠፋብኛል። ለምን?

ብዙውን ጊዜ ዘፈኑን የሚያውቀው እጅዎ ብቻ ስለሆነ ነው። ጣቶች በተራ በመለማመድ ሰንሰለት ይሠራሉ፣ እያንዳንዱ ድምፅ ቀጣዩን ይጎትታል፤ ሰው ሲያይዎ ግን አእምሮ ጣቶቹን መቆጣጠር ይጀምርና ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ከተበጠሰበት ደግሞ መቀጠል አይቻልም፣ ወደ መጀመሪያው መመለስ ግድ ይሆናል። ለዚህም ዘፈኑን በአራት ወይም በአምስት ቦታ ከፍለው በእርሳስ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለው ምልክት ያድርጉበትና ከማንኛውም ምልክት መጀመርን ይልመዱ። አንድ ሰው «ከሐ ጀምር» ቢልዎት ወዲያው መነሣት ከቻሉ ዘፈኑን ያውቁታል።

ሁለተኛው ነገር ሳያቆሙ መጫወትን መለማመድ ነው። ዕለት ዕለት የምናደርገው ስሕተት በሰማን ቁጥር ቆሞ ማረም ስለሆነ መቆም ራሱ ልማድ ይሆናል። በሳምንት አንድ ቀን ስልክዎን ለቅጂ ከፍተው አንድ ጊዜ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወቱ፤ ቢሳሳቱም ምቱን ሳይለቁ ይለፉ። ስልኩ እንደ ሰው ያስጨንቃል፣ ይህም ለጉዳዩ ይጠቅማል። አድማጭ የሚያስተውለው የተሳሳተ ድምፅን ሳይሆን የተቋረጠ ምትን ነው።

ሁለት ዓመት ተማርኩ፤ ካለሁበት አልነቃነቅ አልኩ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መጀመሪያ አንድ ነገር ይቁጠሩ፤ ባለፈው ዓመት ስንት ዘፈን ጨረሱ? መልሱ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ። አዋቂ ጆሮው የሚያረካውን ስለሚመርጥ ከአቅሙ በላይ የሆነ ረጅም ሥራ ይዞ ዓመት ይቀመጣል፣ በዚያም አንዱን ሥራ ብቻ እንጂ ፒያኖን አይማርም። ለስድስት ወር ያህል በሁለት ሳምንት የሚያልቁ አጫጭር ሥራዎችን መጫወት ብዙ ጊዜ ቋጠሮውን ይፈታዋል። አጭር ማለት ተራ ማለት አይደለም፤ የሙዚቃ ደራሲው የቾፒን ኦፐስ 28 ቁጥር 7 ፕሬሉድ (አጭር የፒያኖ ሥራ) ርዝመቱ 16 ሜዠር ብቻ ነው፣ አንድ ደቂቃም አይሞላም፣ ታላላቅ ተጫዋቾች ግን እስከ ዛሬ በኮንሰርት ይጫወቱታል።

ያልተነቃነቀው ፍጥነት ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ሜትሮኖሙን በአራት በአራት ምት ማሳደግ እስከ አንድ ቦታ ይወስድና እዚያ ላይ ይቆማል፤ ቀስ ብለን ስንጫወት የምንጠቀምበት እንቅስቃሴ፣ ማለትም ጣትን አንድ በአንድ ከፍ አድርጎ መጣል፣ በከፍተኛ ፍጥነት ሊሠራ የማይችል በመሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ አራት ድምፅ ብቻ በሚፈለገው ፍጥነት በአንድ የእጅ ጉዞ ይጫወቱና ይቁሙ፣ እጅዎን ያላሉ፤ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ ስድስት ያድርጉት። በትንሹም ቢሆን ፈጣኑን እንቅስቃሴ እጅዎ እንዲያውቀው ያስፈልጋል።

ድምፁ የታፈነና የተደበላለቀ ከሆነ ደግሞ ፔዳሉን ይጠርጥሩ። የቀኙን ፔዳል (ጣት ከቁልፉ ከተነሣም በኋላ ድምፁ እንዲቀጥል የሚያደርገውን) አዲሱን ኮርድ ከመንካታቸው ጋር እኩል የሚረግጡት ሰዎች የቀደመውን ኮርድ ድምፅ ከአዲሱ ጋር ይዘውት ይሄዳሉ። እጅ ሲወርድ እግር ይነሣል፣ አዲሱ ድምፅ ከተሰማ በኋላ እግር እንደገና ይረግጣል። በሁለት ኮርዶች ብቻ ለአንድ ሳምንት ይሞክሩት፤ የሁለት ዓመት ችግር የመሰለው ነገር ይህ ብቻ ሆኖ የተገኘባቸው ሰዎች አሉ።

ፒያኖ የኔ እንዳልሆነና መተው እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?

ልምምድ መሰልቸትና ሙዚቃ መሰልቸት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ለሁሉም ይመጣል፤ አስተማሪ፣ የዘፈን ዓይነት ወይም ሰዓት በመለወጥ ይታከማል። ብዙ ሰው የሚተወው ፒያኖውን ጠልቶ ሳይሆን ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው የመረጠለትን መጽሐፍ ጠልቶ ነው። ጊዜ አጥቼ ነው የሚለውም ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም፤ ታማሚ የሚያስታምም ወይም አራስ ልጅ ያለው ሰው ለዓመት ቢያቆም ትክክል ነው።

ለመለየት ከፈለጉ ለአንድ ወር ሆነ ብለው ያቁሙና ራስዎን ይመልከቱ። የፒያኖ ድምፅ ሲሰሙ ጣቶችዎ ጭንዎ ላይ መንቀሳቀስ ከጀመሩ፣ ወይም ተጫዋች ሲያዩ ዓይንዎ ወደ ግራ እጁ ከሄደ፣ አልተውትም። ወሩ አልፎ ምንም ካልጎደለብዎትና የቀለለዎት ከመሰለዎት መተው ነውር የለበትም። መሣሪያውን ግን በዚያው ሳምንት አይሽጡት፤ አንድ ዓመት ይቆይ።